ልጅ መሰንቆ ቢለምን

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ የሚኖር አንድ ካቶሊካዊ ቤተሰብ በሐሳባችን እናቁም። ስም አንሰጠውም፤ በየቁምስናው የምናውቀው ዓይነት ቤተሰብ ነውና። አባት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ እናት ጥቂት ንግድ አላት፤ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው። በአንድ የሠርግ ቀን ልጁ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀምጦ አዝማሪውን ሲመለከት ዋለ። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱም «አባዬ፣ ለእኔም መሰንቆ ግዛልኝ» አለ። አባት በመጀመሪያ ሳቀ። ልጁ በማግሥቱም በሣልስቱም ጥያቄውን ሲደግመው ግን ሣቁ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ «ልጄን አዝማሪ ላደርገው ነው? ሰው ምን ይለኛል?» አለ። እናት ነገሩን ለማብረድ ሌላ ሐሳብ አመጣች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ኦርጋን ገዝቶ ይላክለት፤ ልጁ ሲያድግ ከመዘምራን ጋር ይሰለፍበታል፤ እግዚአብሔርንም ያገለግልበታል አለች።

ነገሩ በቤት ውስጥ የሚያልቅ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ዳሩ ግን አባት «ሰው ምን ይለኛል» ባለ ጊዜ ጥያቄው ከመሣሪያ ምርጫ አልፎ የሕሊና ጥያቄ ሆኗል። ለሕፃን የመጀመሪያውን የዜማ መሣሪያ የሚመርጥለት ማን ነው? ፍቅር ነው፣ ኩራት ነው ወይስ ንቀት?

ጥያቄውን በዲማ ያኖርነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዲማ ስም ሲነሣ ቅኔ አብሮ ይነሣል። የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም በእኅት ቤተ ክርስቲያናችን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ከታወቁት የቅኔ መፍለቂያዎች አንዱ ነው፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በወጣትነታቸው ቅኔ ከተማሩባቸው የጎጃም ደብሮች መካከል ይቈጠራል። ወደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ ይዞት የሚመጣው መሣሪያ ጆሮውና ጉሮሮው ብቻ ነው። የኔታ ይላሉ፤ እርሱ ይከተላል። ዜማ የሚማረውም በቃሉ ይማራል፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው የሚመጡት ቈይተው ነው። እንግዲህ «የልጅ የመጀመሪያ መሣሪያ ምንድን ነው?» ብለን ይህን ምድር ብንጠይቀው መልሱ የታወቀ ነው፤ የገዛ ድምፁ ነው።

ሆኖም ይኸው ምድር አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት። የቅኔ ተማሪ ቃልን በሰምና ወርቅ አስማምቶ፣ በዚያው ቀን ፈጥሮ፣ በጉባኤ ሲያቀርብ ይከበራል። አዝማሪውም ቃልን በሰምና ወርቅ አስማምቶ፣ በዚያችው ቅጽበት ፈጥሮ፣ በሕዝብ ፊት ያቀርባል፤ ይህኛው ግን ከግብዣው ዳር ይቀመጣል። ልዩነት የለም ማለታችን አይደለም፤ የአንዱ ቃል ለመቅደስ ነው፣ የሌላው ለሠርግና ለጠጅ ቤት። ነገር ግን ለቅኔ አዋቂው ከሰጠነው ክብር ትንሿን ፍርፋሪ እንኳ ለአዝማሪው ነፍገነዋል። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ መዝሙር ወጣ፤ መዘምር ወጣ፤ አዝማሪም ወጣ። ከአንድ ሥር የበቀለውን አንዱን ቅርንጫፍ በመቅደስ ተከልነው፤ ሌላውን ለስድብ አዋልነው።

ይህ ንቀት በእኛ አልተጀመረም። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ክፍል፣ ዛሬ በያዝነው ጉዳይ ላይ ብዙ አስቦበታል። ሕፃናት ዝም ብለው መቀመጥ ስለማይችሉ፣ አርኪጣስ የተባለ ሰው የፈለሰፈው ማንቋቋጫ ጥሩ ነገር ነው ይላል፤ ልጆቹ በእርሱ ሲጫወቱ የቤቱን ዕቃ ከመስበር ይታቀባሉና! (ልጅ ያሳደገ ሁሉ በዚህ ከፈላስፋው ጋር ይስማማል።) ከዚያም፣ ልጆች ዜማን በመስማት ብቻ ይማሩት ወይስ በገዛ እጃቸው እየተጫወቱ? ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በእጃቸው ይማሩት የሚል ነው፤ ሥራውን ራሱ ያልሞከረ ሰው ስለ ሥራው በትክክል ሊፈርድ አይችልምና። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ቀጥሎ ግን፣ ነጻ የሆነ ሰው ልጅ እንደ ባለሙያ እስኪሆን ድረስ መማር የለበትም ይላል፤ ምክንያቱም ለሌሎች ደስታ በዋጋ የሚጫወት ሰው ሥራው የቅጥረኛ ሥራ ነውና ክብርን ያጐድፋል ባይ ነው።

የዲማው አባት አርስቶትልን አላነበበም፤ ነገር ግን ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ ሐሳቡን ደግሞታል። አርስቶትል ይህን የጻፈው የእጅ ሥራ ለባሪያና ለቅጥረኛ የተተወበት ማኅበር ውስጥ ሆኖ ነበር። ክርስቲያን ግን ይህን ሐሳብ እንዳለ ሊቀበለው አይችልም። ጌታችን ራሱ በናዝሬት በጠራቢነት ሥራ ያደገ ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ ባወጡት «ላቦረም ኤክሰርቸንስ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት፣ የሥራ ክብር ከሥራው ዓይነት ሳይሆን ሥራውን ከሚሠራው ሰው ሰብአዊ ክብር እንደሚመነጭ አስተምረዋል። ይህን ትምህርት ስለ አንጥረኛ፣ ስለ ሸማኔና ስለ ሸክላ ሠሪ በስብከት ስንናገረው ሁላችን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ወደ አዝማሪው ስንደርስ ግን እንቆማለን።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኩኖ በዚህ ላይ ከአርስቶትል ተለይቶ የተናገረው ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ ይሆናል። በዐቢዩ የነገረ መለኮት መጽሐፉ፣ ሕዝብን የሚያጫውቱ ሰዎች ሥራቸው ኃጢአት ነውን? ብሎ ይጠይቅና፣ ለሰው ልጅ ኑሮ ዕረፍትና ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለዚህ የሚያገለግለው ሙያ በራሱ ነውር አይደለም ሲል ይመልሳል። የሚያስነውረው ርኩስ ቃልና ርኩስ ሥራ ሲገባበት፣ ወይም ያለ ጊዜውና ያለ ቦታው ሲደረግ ነው። ከዚህም አልፎ፣ ለእነዚህ ሰዎች በመጠን ዋጋቸውን የሚከፍላቸው ሰው ኃጢአት አይሠራም፤ የአገልግሎታቸውን ዋጋ ስለሰጣቸው ፍትሕን ያደርጋል ይላል።

መጽሐፍ ቅዱስንም እንመልከት። የዳዊትን በገና ሁላችን እናውቃለን፤ ንጉሥ ከመሆኑ በፊት እረኛ ሳለ እንደተማረው ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 3 ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ሦስት ነገሥታት ውኃ አጥተው ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በመጡ ጊዜ ነቢዩ ትንቢት ከመናገሩ በፊት በገና ደርዳሪ እንዲያመጡለት አዘዘ። ሰውዬው ሲደረድር የእግዚአብሔር እጅ በነቢዩ ላይ መጣ። የዚህ ደርዳሪ ስሙ አልተጻፈም። ከዚያ ቀን በፊት በየትኛው ግብዣ ይጫወት እንደነበረ ኤልሳዕ አልጠየቀም።

በአገራችንም ታሪክ አዝማሪዎች የከፈሉት ዋጋ አለ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶቹ ካሳደዷቸውና ካስገደሏቸው ሰዎች መካከል በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች ይገኙባቸዋል። ወራሪው ጠመንጃ ያልያዘን ሰው የፈራው ቃሉ በሕዝብ ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ስለተረዳ ነው።

አንድ ንጽጽር ደግሞ ለዲማው አባት በተለይ ላቅርብለት። ቫዮሊን ምንድን ነው? ከእንጨት የተሠራ ሣጥን፣ የተወጠሩ አውታሮች፣ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ደጋን። መሰንቆስ? ቆዳ የተለበጠበት ሣጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር፣ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ደጋን። በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ለትምህርት ሲላኩ በዚያ መጀመሪያ የተማሩት ቫዮሊን ነበር፤ ፒያኖውም ተከተለ። ያን ጊዜ «የከንቲባው ልጅ አዝማሪ ልትሆን ነው» ያለ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ሁለቱ መሣሪያዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንዱን በክብር ያስቀመጠው ሌላውን ያዋረደው በእጃቸው የያዟቸው ሰዎች ማዕረግ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሣሏቸው ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ቈጠራ የልጃቸውን የሰብለ ወንጌልን ሕይወት እንዳበላሹት ሁሉ፣ እኛም ለመሣሪያዎች ዘር እየቈጠርን በልጆቻችን ላይ እንፈርዳለን።

እዚህ ላይ ለአባትየው መከራከር ይገባናል፤ ፍርሃቱ ንቀት ብቻ አይደለምና። መሣሪያ ሰውን ወደ አንድ ቦታ ይስባል። መሰንቆ የያዘ ወጣት ወደ ጠጅ ቤትና ወደ መጠጥ ቤት መጠራቱ አይቀርም፤ ሌሊቱና መጠጡ ስንቱን እንደበሉ አባትየው በዓይኑ አይቷል። ይህን ፍርሃት ቅዱሳንም ያውቁታል። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በጻፈው የሕይወት ትዝታው እንደሚተርከው፣ ገና የዘርዐ ክህነት ተማሪ ሳለ በአንድ የበዓል ግብዣ ላይ ቫዮሊን እንዲጫወት ተለመነ። ሲጫወት ከውጭ የእግር ድምፅ ሰማ፤ ወጥቶ ቢያይ ሕዝቡ በእርሱ ዜማ እየጨፈረ ነበር። ለክህነት የታጨ ሰው የዚህ ምክንያት መሆኑ አሳዝኖት ወደ ቤቱ ሄዶ ቫዮሊኑን ሰባበረው። የዲማው አባት ይህን ቢሰማ «አላልኳችሁም!» ይል ይሆናል። ታሪኩ ግን በዚያ አያበቃም። ያው ዮሐንስ ቦስኮ ካህን ከሆነ በኋላ በቶሪኖ ለሰበሰባቸው ድኾች ወጣቶች የዘፈንና የዜማ መሣሪያ ትምህርት አቋቋመላቸው፤ ነፋሪ መሣሪያዎች የያዘ የሙዚቃ ጓድም አደራጀላቸው። ያለ ሙዚቃ ልጆችን ማሳደግ ይቻላል ብሎ አላመነም። የሰበረው ለራሱ ጥሪ የማይስማማውን ነው፤ ያንን ሕግ አድርጎ በልጆቹ ላይ አልጫነውም። ደግሞም ልጆቹ የሚጫወቱበትን ቦታ ራሱ አዘጋጅቶላቸዋል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ልጅን ከመጥፎ ቦታ የሚያድነው መሣሪያውን መንጠቅ አይደለም፤ የተሻለ ቦታ ማዘጋጀት ነው። ይህ ደግሞ ከአባት ጊዜ ይጠይቃል።

ወደ እናቲቱ ሐሳብ እንመለስ። ኦርጋን እያልን የምንጠራው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ብዙ ጥቅም አለው። ድምፁ የተቃኘ ነው፤ የሕፃን ጣት በነካው ጊዜ ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል፤ ጀማሪን አያሳፍርም። በብዙ ቁምስናዎቻችንም መዘምራንን ይረዳል። የባዕድ ነው ብሎ መንቀፍም ተገቢ አይደለም፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም በ2023 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም እስካረፉ ድረስ በፒያኖ ያሰሙት ዜማ ከየት አገር እንደበቀለ ለሰማው ሁሉ ግልጽ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው የጆሮ ነገር ነው። የኪቦርዱ ቁልፎች በፋብሪካ ተከፋፍለው የተወሰኑ ናቸው፤ የትዝታና የባቲ፣ የአምባሰልና ከሁሉም ይልቅ የአንቺ ሆዬ ቅኝት ግን በዘፋኙ ጉሮሮ ውስጥ ሲሆን ሁልጊዜ በእነዚያ ቁልፎች ላይ አያርፍም። በጉሮሮውና በመሰንቆ ቅኝቱን አስቀድሞ የለመደ ልጅ በኋላ ኪቦርድ ቢይዝ ልዩነቱን ያውቀዋል። ቁልፉን አስቀድሞ የለመደ ልጅ ግን የአያቱን ድምፅ እንደ ስሕተት ሊሰማው ይችላል። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቹ ኪቦርዶች አንድ ቁልፍ ሲጫኗቸው ከበሮውንም አጃቢውንም ራሳቸው ይሠራሉ፤ ልጁ ሳይደክም ብዙ ድምፅ ያገኛል፤ የእርሱ የሆነው ግን ጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው አሳሳቢ ነገር ከዚህ ይበልጣል። ልጁ የጠየቀው ኦርጋን አልነበረም። በወንጌል ጌታችን ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጥ አባት ይኖር እንደሆነ ጠይቋል። ኦርጋን በእርግጥ ድንጋይ አይደለም፤ ከመሰንቆ ብዙ እጥፍ ዋጋ ያለው ስጦታ ነው። ነገር ግን ከለመኑት የሚበልጥ ነገር መስጠትም አንዳንድ ጊዜ ለማኙን አለመስማት ይሆናል። ወላጆች ለሕፃን ስጦታ ሲመርጡ በልጁ እጅ የሚያዩት ራሳቸውን ነው፤ ያልተማሩትን፣ ጎረቤት የሚያደንቀውን፣ ዘመድ የሚያወራውን። ውድ ዕቃ ገዝቶ የሰጠ አባት ደግሞ ቶሎ አበዳሪ ይሆናል። «ይህን ያህል ብር አውጥቼልህ!» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ልጁ ባለዕዳ ሆነ፤ ዜማውም የዕዳ ክፍያ ሆነ። በአካባቢው ባለሙያ የተሠራ ርካሽ መሣሪያ ከዚህ ዕዳ ነጻ ያወጣል፤ ልጁም ቢተወው ቤቱ አይናጋም።

በተግባር በኩል ጥቂት ልበል፤ ካቴኪስቶች ብዙ ጊዜ ይጠየቃሉና። ገና ሦስትና አራት ዓመት ለሆነው ሕፃን ጭብጨባና ትንሽ አታሞ ይበቃዋል፤ የአርኪጣስ ማንቋቋጫ ወገን ነው። በገና ለሕፃን አይሆንም። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ አውታሮቹ ዐሥር ናቸው፤ ድምፁም የጸሎትና የጾም ድምፅ ስለሆነ ትዕግሥት የጨመረ ልብ ይፈልጋል። የታወቁት የበገና መምህር ዓለሙ አጋ፣ በ1950 እ.ኤ.አ. የተወለዱት፣ በገና መማር የጀመሩት በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ መምህራቸው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ነበሩ። ከዕድሜው ይልቅ ጎረቤታቸው የነበሩ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ክራር ለሰባት ዓመት ልጅ ትንሽ ሆኖ ሊሠራለት ይቻላል፤ ነገር ግን አውታሮቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚላሉ ቅኝት የሚያውቅ ትልቅ ሰው በቤት ከሌለ ልጁ የተበላሸ ድምፅ እየሰማ ያድጋል። ዋሽንት ከሁሉ ይረክሳል፤ ከሸንበቆ ወይም ከቀርከሃ ይቈረጣል፤ አራት የጣት ቀዳዳዎች አሉት፤ አጠር አድርጎ ቢሠራ ለትንሽ እጅም ይስማማል። ፈላስፋው ፕላቶን ከከተማው ብዙዎቹን የዜማ መሣሪያዎች ሲያስወጣ፣ በገጠር ላሉት እረኞች ግን የሸንበቆ ዋሽንት ይቅርላቸው ብሏል፤ አርስቶትል በበኩሉ በአፍ የሚነፋ መሣሪያ ቃልን ይከለክላል ሲል ነቅፏል። እኔም፣ ቃል በተከበረበት እንደ ዲማ ባለ አገር፣ አፍን ለመዝሙር ነጻ የሚተው መሣሪያ ይሻላል እላለሁ። ለእረኛው ልጅ ግን ዋሽንቱን አልነፍገውም፤ በሜዳ ሌላ ማን አብሮት አለ?

መሰንቆ አስቸጋሪ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ድምፁ የሚገኝበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት በአንገቱ ላይ የለም፤ ጣት አውታሩን በዳበሳ ሲነካ ጆሮ ብቻ ይመራዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወጣው ድምፅ ቤተሰቡን ይፈትናል። ግን ልጁ ከዘፈነው የሚለይ ነገር አያወጣም፤ ድምፁን ይከተላል፤ የልጁን ጉሮሮና እጅ አብሮ ያስተምራል። ከቤተ ክርስቲያናችን የቃል ትምህርት ልማድ ጋር የሚቀራረበውም በዚህ ነው።

እንግዲህ መሣሪያው ተገዛ እንበል። አስተማሪው ማን ነው? አዝማሪው ነው። እውነተኛው ፈተና እዚህ ላይ ይመጣል። አባት አዝማሪውን በምሽት፣ በጓሮ በኩል፣ ማንም ሳያየው ቢያስገባው ልጁ ከዜማው ጋር ንቀትንም ይማራል። በቀን በዋናው በር ቢገባ፣ በወንበር ቢቀመጥ፣ ቡና ቢቀርብለትና ዋጋው ያለ ክርክር ቢከፈለው ግን ልጁ በዚያ ቀን ከመሰንቆ የሚበልጥ ነገር ተምሯል። ልጁ ምን ብሎ ይጥራው? በአገራችን የቅኔውን መምህር የኔታ እንላለን፤ የዘመናዊውን ትምህርት ቤት መምህር ቲቸር እንላለን። ለአዝማሪው የተዘጋጀ የማስተማር ስም የለንም። ቢያንስ «ጋሼ» ይበለው፤ ሲገባም ይነሣለት።

ልጁ ሦስት ወር ሞክሮ ቢሰለችስ? በዚህ ላይ የሰዎች ሐሳብ ይለያያል። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን፣ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ የወጣችውን ትል ሁላችን ለልጆቻችን እንተርካለን፤ ጽናት መማር አለበት። በሌላ በኩል የተገደደ ዜማ ዜማ አይደለም። ሁለቱን የሚያስታርቀው አስቀድሞ መነጋገር ይመስለኛል፤ ለምሳሌ ከመስከረም እስከ ፋሲካ ሳያቋርጥ ይማር፣ ከዚያ በኋላ ምርጫው የእርሱ ይሁን። አባትም ቃሉን ይጠብቅ። ከዚህ ሌላ አንድ ልማድ መጠንቀቅ ያሻል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ና እስቲ ተጫወትላቸው» እያሉ ልጁን ማቆም የተለመደ ነው። ልጄን አዝማሪ አላደርግም ያለው ያው አባት ልጁን ያለ ዋጋ ለእንግዶቹ አዝማሪ ሲያደርገው ራሱን አይታዘብም።

ካቴኪስቶች ደግሞ፣ «ልጁ መሰንቆውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዞ ቢመጣስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ በቁጥር 119 እና 120፣ ሕዝቦች የየራሳቸው የዜማ ወግ ተገቢው ክብር እንዲሰጠው አዟል፤ መሣሪያዎችም ለመቅደሱ ክብር የሚስማሙና ምእመናንን የሚያንጹ ከሆኑ በሚመለከተው የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ፈቃድ ለአምልኮ ሊውሉ እንደሚችሉ ገልጿል። በግእዝ ሥርዓታችን በመቅደስ ቦታ ያላቸው ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። መሰንቆ በቅዳሴ ይግባ አይግባ የሚለው የጳጳሱ ጉዳይ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ በቤቱ ደጃፍ ምን ይጫወት የሚለው ግን የወላጆቹ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ስናደባልቅ ለመዘምራን የጐደለንን ሰው ለመሙላት ሕፃን እንመለምላለን፤ ልጁም ለራሱ ደስታ አንድ ቀን እንኳ ሳይጫወት ወደ አገልግሎት ይገባል። የእናቲቱ ሐሳብ ቅን ቢሆንም ይህ አደጋ አለበት።

በዚህ ቤት የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅም እንዳለች መጀመሪያ ላይ ተናግረናል። እስካሁን ማንም አላነሣትም። ውኃ ትቀዳለች፤ እናቷን ታግዛለች፤ መዝሙሩን ከወንድሟ ቀድማ በቃሏ የያዘችው እርሷ ናት። በልማዳችን ወንዱ አዝማሪ መሰንቆውን ይመታል፣ ሴቷ ትዘፍናለች፤ መሣሪያው ወደ እጇ አይመጣም። ነገር ግን ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ክራር ይዘው በአገሩ ሁሉ ተደንቀዋል፤ እማሆይ ጽጌ ማርያምም ሴት ልጅ ሳሉ ነው ቫዮሊን በእጃቸው የተሰጣቸው። አባትና እናት ስለ መሰንቆና ስለ ኦርጋን ሲከራከሩ ይህች ልጅ ደጃፍ ላይ ቆማ ትሰማለች። ጋሼ ለትምህርት ሲመጣ ለእርሷም ወንበር ይሰጣት እንደሆነ፣ የውኃው ሰዓት ከመሰንቆው ሰዓት ጋር ሲጋጭ ማን ወደ ምንጭ እንደሚወርድ፣ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ወላጆቹ ተቀምጠው ሊወስኑት ይገባል።